ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለችው ዓመት

የኢትዮጵያን የቅጂ መብት ሕግ በአማርኛ የሚጠቅስ ሰው «አዋጅ ቁጥር 410/1996» ይላል። በእንግሊዝኛ የሚጠቅሰው ደግሞ «410/2004» ይላል። ሕጉ አንድ ነው። በነጋሪት ጋዜጣ አንድ ገጽ ላይ፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ተደርድረው በአንድ ቀን የወጣ ነው። የዓመቱ ቁጥር ግን እንደ ዓምዱ ይለያያል። ነገሩን የማያውቅ የውጭ ሰው ሁለቱን ቢያይ በስምንት ዓመት የተራራቁ ሁለት ሕጎች ይመስሉታል።

ደራሲን የሚጠብቀው ሕግ ራሱ እንዲህ ከሆነ፣ በየመጽሐፉ የርዕስ ገጽ ጀርባ፣ በየካሴቱ ልባስ፣ በየፎቶግራፉ ጥግና በየድረ ገጹ ግርጌ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ጎን የምትቀመጠው ትንሽ ዓመት ስንቱን ታሳስት ይሆን?

ብዙ ሰው ታሳስታለች። ጉዳቱም በሁለት በኩል ነው። አንዱ ዓመቷን አይቶ «ይሄማ ጊዜው አልፎበታል» ይልና የሟች ደራሲ ልጆችን እንጀራ ይወስዳል። ሌላው ባረጀ ሥራ ላይ አዲስ ዓመት ይለጥፍና የሁሉም የሆነውን ቅርስ የግሉ ያስመስላል። ሁለቱም የሚያደርጉት ያችኑ ዓመት በተሳሳተ መንገድ በማንበብ ነው። ዓመቷን በትክክል ማንበብ የጠበቃ ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየቱ መቅረት አለበት። አሳታሚ፣ መምህር፣ ሙዚቃ ጫኝ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ የፌስቡክ ገጽ አስተዳዳሪ፣ ሁሉም በየቀኑ ይቺን ቁጥር እያየ ይወስናል።

▪️ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሒሳብ

ነቀምቴ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢው እዚያ ነው፤ በጊምቢና በሻምቡም ካምፓስ አለው። ተማሪ ባለበት ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት አይጠፋም። እንግዲህ አንድ ተማሪ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ይዞ ገባና ሙሉውን አባዝቶ ለጓደኞቹ ሊሸጥ አሰበ እንበል። ባለ ሱቁ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ የርዕሱን ገጽ ገልብጦ የመጀመሪያው ኅትመት 1958 ዓ.ም. መሆኑን አየ። የቅጂ መብት 50 ዓመት እንደሆነ ከአንድ ቦታ ሰምቷል። 1958 ላይ 50 ሲደምር 2008 መጣለት። «ነጻ ነው፣ አልፏል» ብሎ ማሽኑን አስነሳ።

መደመሩ ትክክል ነው፤ የደመረው ቁጥር ግን ስህተት ነው። አዋጁ የደራሲን የኢኮኖሚ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ ለራሱ፣ ከሞተ በኋላ ደግሞ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይሰጣል። ሃምሳው ዓመት የሚጀምረው ደራሲው ከሞተበት ቀን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በኅዳር 1996 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ መብቱ የሚያበቃው በኅዳር 2046 ዓ.ም. ነው። ባለ ሱቁ የሳተው በ38 ዓመት ነው። በእነዚህ 38 ዓመታት ከመጽሐፉ የሚገኘው ገቢ የወራሾች ነው።

እንዲህ ያለው ስሌት በሌሎችም ቦታዎች ይሠራል። «መጽሐፉ የንጉሡ ዘመን ነው፣ ማን ይጠይቃል» የሚል አታሚ፣ «ካሴቱ የደርግ ጊዜ ነው» የሚል ዘፈን ጫኝ፣ የወላጃቸው መጽሐፍ ዓመቱ ስላረጀ ብቻ መብት እንደሌላቸው ያመኑ ወራሾች፣ ሁሉም ያችን ዓመት መድኃኒት ዕቃ ላይ እንደሚጻፈው «የአገልግሎት ማብቂያ» አድርገው ነው የሚያነቧት። ዓመቷ ግን የማብቂያ ቀን አይደለችም። እንዲያውም ለአብዛኛው መጽሐፍ ማብቂያውን ለማስላት የሚያስፈልገው ቀን ገጹ ላይ የለም።

▪️ ዓመቷ መብት አትወልድም

ሁለተኛው ስህተት የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። «ምልክቱንና ዓመቱን አልጻፈበትም፤ ስለዚህ መብት የለውም» የሚል ነው። ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ግጥም፣ ስም ያልተጻፈበት የስብከት ቅጂ፣ በእጅ የተጻፈ የትያትር ጽሑፍ በዚህ ምክንያት ብቻ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ይነሳል።

አዋጁ እንዲህ አይልም። አንድ ሥራ ወጥ ከሆነና ግዙፍነት ካገኘ፣ ማለትም በወረቀት፣ በቴፕ ወይም በሌላ ነገር ላይ ከሰፈረ፣ ምንም ዓይነት ሥርዓት መፈጸም ሳያስፈልግ ጥበቃ ያገኛል። መመዝገብ ግዴታ አይደለም። በክብ ውስጥ የታሰረችውን የ«ሲ» ምልክት ማኖር ግዴታ አይደለም። ዓመት መጻፍም እንዲሁ። ጊምቢ ላይ ያለች አንዲት ተማሪ ደብተሯ ላይ የጻፈችው ግጥም ብዕሯን ባነሳችበት ቅጽበት የእሷ ነው።

ታዲያ ይቺ ዓመት ከየት መጣች? መልሱ ወደ አሜሪካ ይወስደናል። በአሜሪካ በ1909 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት የአንድ መጽሐፍ መብት የሚቆጠረው ከደራሲው ሞት ሳይሆን ከታተመበት ቀን ነበር፤ መጀመሪያ 28 ዓመት፣ ከታደሰ ደግሞ ሌላ 28 ዓመት። እዚያ ዓመቷ በእርግጥም ሰዓቱ ነበረች። ማስታወቂያውን ሳይጽፍ ያሳተመ ሰው መብቱን ሊያጣ ይችል ነበር።

የዚህ ታዋቂው ምሳሌ በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» የተባለው አስፈሪ ፊልም ነው። ፊልሙ መጀመሪያ ሌላ ርዕስ ነበረው። አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር ከድሮው ርዕስ ጋር የነበረው የቅጂ መብት ማስታወቂያ አብሮ ወደቀ፤ በአዲሱ ላይ የሚተካው አልተጻፈም። በዚያች አንዲት መስመር ምክንያት ፊልሙ ከመጀመሪያው ጀምሮ የማንም ሆነ። ዓለም ሁሉ አባዝቶ ሸጠው፤ ሠሪዎቹ ሊያገኙት የሚገባው ገንዘብ ቀረባቸው።

በ1952 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት ይህንን የአሜሪካኖች ልማድ ከሌላው ዓለም ጋር ለማስታረቅ ሞከረ። ምልክቷን፣ የባለ መብቱን ስምና ሥራው መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት በአንድነት ያስቀመጠ ሰው የአባል አገሮችን ሥርዓት ሁሉ እንዳሟላ ይቆጠርለታል ተባለ። ዛሬ በየመጽሐፉ የምናየው ሦስት ክፍል ያለው ማስታወቂያ በዚህ መንገድ ነው ዓለምን ያዳረሰው። አሜሪካ ራሷ ከመጋቢት 1 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታውን አነሳች። ግዴታው ቀረ፤ ልማዱ ግን ቀጠለ።

እኛ ዘንድም የደረሰው ልማዱ ነው። የሕጋችን ሰዓት የሚጀምረው ከሞት ሆኖ ሳለ፣ ከኅትመት ቀን ለሚቆጥር ሕግ የተሰፋውን ልብስ ለበስን። ግራ መጋባቱ የመጣውም ከዚህ ነው።

▪️ ዓመቷ የምትቆጥርባቸው ጊዜያትም አሉ

«እንግዲያው ዓመቷ ከንቱ ናት» ማለት ግን አይቻልም። በሕጋችንም ቢሆን ሰዓቱ ከሞት የማይጀምርባቸው ሥራዎች አሉ።

ደራሲው ከሞተ በኋላ መጀመሪያ የታተመ ሥራ ጥበቃው ከታተመበት ቀን ጀምሮ 50 ዓመት ነው። ደራሲው ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሥራም፣ ፊልምና የጋራ ሥራም የሚቆጠሩት ከሥራው ወይም ለሕዝብ ከቀረበበት ጊዜ ተነስቶ ነው። የዘፈን ቅጂ ለከዋኙና ለፕሮዲዩሰሩ 50 ዓመት፣ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሥርጭት ለድርጅቱ 20 ዓመት ይጠበቃል። እነዚህም የሚቆጠሩት ከሰው ሞት አይደለም። በነዚህ ሁሉ ላይ ዓመቷን ማጥፋት ወይም መለወጥ ሰዓቱን ራሱን ማዛባት ነው።

ፎቶግራፍ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። ጥበቃው ፎቶው ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። በተጨማሪም ፎቶው ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም፣ ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስም ምልክት ወይም አድራሻ ሲይዝ ነው። ድሮ ፎቶ ቤቶች በየፎቶው ጀርባ ይመቱት የነበረው ክብ ማኅተም ለማስታወቂያ ብቻ የተመታ ይመስለን ነበር። ለካ የመብት ማስረጃም ኖሯል።

ይህን ይዘን ወደ ነቀምቴ እንመለስ። የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ወይም የድሮውን ገበያ የሚያሳዩ አሮጌ ፎቶዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘዋወሩ ብዙ ጊዜ ጥጋቸው ላይ የገጹ አርማና የተለጠፉበት ዓመት ተደርቦ ይታያል። አንሺው ማን ነው? መቼ አነሳው? አይታወቅም። የሚታየው የለጠፈው ሰው ዓመት ነው። ፎቶው 90 ዓመት ቢሞላው እንኳ የትናንት ይመስላል። እዚህ ላይ የጠፋው የአንድ ሰው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የከተማዋ ታሪክም ጭምር ነው። ቤተ መንግሥቱ ምን ይመስል እንደነበር የሚያጠና ሰው «መቼ» የሚለውን ጥያቄ የሚመልስለት ነገር ተፍቆበታል።

▪️ የነቀምቴው መጽሐፍ

ዓመት፣ ስምና ሞት እንዴት እንደሚገናኙ ለማየት ከወለጋ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በ1899 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ በባዝል አጠገብ በምትገኘው ቅዱስ ክሪሾና አንድ ትልቅ መጽሐፍ ታተመ፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ። በርዕሱ ገጽ ላይ ያለው የተርጓሚ ስም ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው።

ኦኔሲሞስ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ፣ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ፣ ከስዊድን ሚሲዮን ዘንድ የተማረ ሰው ነው። አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖም እንዲሁ ከባርነት ያመለጠች ነበረች። ወደ ዓረብ ምድር ለሽያጭ ሲወስዳት የነበረውን ጀልባ በ1886 እ.ኤ.አ. የጣሊያን መርከቦች ያዙት፤ እሷም ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በሚገኘው የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ተጠለለች። ለትርጉሙ ያገለገለውን የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀችው እሷ ናት። ወደ 500 የሚጠጉ የኦሮሞ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አባባሎችና ዘፈኖችንም በቃሏ ይዛ ጻፈች፤ ብዙዎቹ በ1894 እ.ኤ.አ. በወጣው የማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። በ1904 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ አስቴርም ነቀምቴ ላይ አስተማረች። ኦኔሲሞስ በሰኔ 1923 ዓ.ም. (1931 እ.ኤ.አ.) ነቀምቴ ውስጥ አረፈ። አስቴር በ1964 እ.ኤ.አ. አረፈች።

ያ መጽሐፍ ቅዱስ የዛሬው ሕግ ባልነበረበት ዘመን፣ በሌላ አገር የታተመ ነው። ቢሆንም ነገሩ እንዲገባን በዛሬው አዋጅ ሚዛን እንለካው።

የኅትመቱን ዓመት ይዞ የሚቆጥር ሰው 1899 ላይ 50 ደምሮ 1949 እ.ኤ.አ. ይላል። በርዕሱ ገጽ ላይ ያለውን ስም ይዞ የሚቆጥር ሰው የኦኔሲሞስን ሞት ወስዶ 1981 እ.ኤ.አ. ይላል። አዋጁ ግን ሥራው የጋራ ድርሰት ከሆነ 50 ዓመቱ የሚጀምረው ከደራሲዎቹ መጨረሻ የሞተው ካረፈበት ቀን ነው ይላል። አስቴርን እንደ ተባባሪ ሥራ አመንጪ ከቆጠርናት መልሱ 2014 እ.ኤ.አ. ይሆናል። አንድ መጽሐፍ፣ ሦስት መልስ! በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል 65 ዓመት አለ።

ከሦስቱ ውስጥ ትክክለኛውን የሚወስነው ገጹ ላይ የታተመችው ዓመት አይደለችም። የሚወስነው «ማን ሠራው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ስሟ በርዕሱ ገጽ ላይ ያልሰፈረ ሴት በሕግ ፊት ድርሻዬ ይህ ነው ለማለት ማስረጃ ማቅረብ ይኖርባታል፤ ስሙ የሰፈረው ግን ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ደራሲ ነው ተብሎ ይገመታል። የአንድ ስም መቅረት የሰውየዋን ክብር ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም በ33 ዓመት ያሳጥረዋል። በሥራ ላይ ስምን የማስጠራት መብት በሕጉ ውስጥ የሞራል መብት ተብሎ የተቀመጠው በከንቱ አይደለም።

ዛሬ በማናቸውም ሚዛን ቢለካ ያ የ1899 ትርጉም የሁሉም ነው። ከዚያ ወዲህ የታረሙና እንደገና የተተረጎሙ የኦሮምኛ ቅጂዎች ግን የየራሳቸው ባለቤትና የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ዓይነት ጥፋት የሚመጣው። አንድ ሰው የድሮውን ጽሑፍ እንዳለ ወስዶ፣ የሁለት ገጽ መቅድም ጨምሮ፣ ገጹ ላይ የዘንድሮን ዓመት ከ«መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ጋር ቢያትምበት ሕጉ የሚሰጠው ምን ያህል ነው? ሁለቱን ገጽ ብቻ። አዲስ ዓመት አሮጌውን ሥራ አያድሰውም። አስቴር የሰበሰበቻቸውን ተረቶች አንድ መምህር ነጆ ላይ ለተማሪዎቹ ቢያባዛ የመቅድሙ ጸሐፊ ሊከለክለው አይችልም። መምህሩ ግን ዓመቷን አይቶ ይፈራል፤ ይተወዋልም። ማስታወቂያው ሕግ የማይሰጠውን መብት በፍርሃት ያስገኛል።

▪️ ሁለት የዘመን አቆጣጠር፣ አንድ ባዶ ቁጥር

አሁን በዚህ ሁሉ ላይ የእኛን ልዩ ችግር እንጨምርበት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በእኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ የእነሱ ጥር ከገባ እስከ ጳጉሜን ደግሞ 8። ስለዚህ «2008» የሚል ብቻ የታተመበት መጽሐፍ በእኛ ከሆነ 2015 ወይም 2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእነሱ ከሆነ ደግሞ 2000 ወይም 2001 ዓ.ም.። ያለ ምልክት የተጻፈ ቁጥር የ7 ወይም የ8 ዓመት ጥርጣሬ ያመጣል ማለት ነው።

ነገሩ በወለጋ ይበልጥ ይታያል። እዚያ አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይቆማሉ። አማርኛው «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይላል። አፋን ኦሮሞው «አካ ለኮፍሳ ኢቶጵያ» ለማለት የራሱ አሕጽሮት አለው። እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ ምንም አይልም፤ የእሱን አቆጣጠር ዓለም ሁሉ ያውቃል ብሎ ያስባል። ሦስቱም ምልክታቸውን ከጣሉ ግን ማንኛው ማንን እንደቀደመ ማወቅ አይቻልም። «ከእኔ ነው የቀዳው»፣ «የለም ከእሱ ነው» የሚል ክርክር ሲነሳ የመጀመሪያው ማስረጃ ዓመት ነው፤ ያ ማስረጃ ራሱ ሁለት ትርጉም ካለው ምን ዋጋ አለው?

በስደት ያሉ ወገኖች የሚያሳትሙትም ከዚህ አያመልጥም። አሜሪካ ማስታወቂያን ግዴታ ባደረገችበት የመጨረሻው ዘመን፣ ከ1978 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ድረስ በነበረው ሕግ፣ ገጹ ላይ ያለው ዓመት ከእውነተኛው የኅትመት ዓመት የቀደመ ከሆነ፣ ዘመኑ ከኅትመት በሚቆጠርባቸው ሥራዎች ላይ ሒሳቡ ከቀደመው ዓመት ይጀምር ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ መጽሐፍ ያሳተመ ማኅበር በአገሩ አቆጣጠር «1977» ብሎ ብቻ ጽፎ ቢሆን፣ የዚያን አገር ዳኛ 8 ዓመት ይቀንስልኝ ብሎ እንደ መጠየቅ ነበር።

▪️ ቀኑ ያልታወቀ ሞት

ሰዓቱ ከሞት ይጀምራል ብለናል። የሞት ቀን የሌለውስ? ኢሉባቦር የተወለደው በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ያሳተመው በ1975 ዓ.ም. ነው። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መቃብሩ አይታወቅም፤ የሞተበትን ቀን የሚናገር ወረቀትም የለም። የጠፋበትን ቀን እንደ ሞቱ ቀን ብንወስደው 50 ዓመቱ የሚያልቀው በ2026 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ በሕይወት ቆይቶ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን የት እንደደረሱ ያልታወቁ ጸሐፊዎች፣ ሰባኪዎች፣ ዘፋኞችና መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ነበሩ። መንግሥት የአንድን ሰው ሞት ሲደብቅ የልጆቹን ርስት መቁጠሪያም አብሮ ይደብቃል። የቅጂ መብት ገጽ ላይ ያለች ዓመት ደረቅ ቁጥር ብትመስልም ከኋላዋ እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር ይችላል።

▪️ «ለአንባቢ መጽሐፍ በሌለበት አገር…»

እዚህ ላይ የሚነሳ እውነተኛ ተቃውሞ አለ። «መጽሐፉ ከገበያ ከጠፋ 20 ዓመት ሆኖታል፤ ወራሹም አይገኝም፤ ተማሪው ግን ፈተና አለበት። ፎቶ ኮፒ ባይኖር ማን ያነብ ነበር? ስለ ዓመትና ምልክት ማውራት የጠገበ ሰው ወሬ ነው» ይላሉ ብዙዎች። ነቀምቴ ላይ ከአዲስ አበባ መጽሐፍ ማስመጣት ምን ያህል እንደሚያስቸግር፣ መንገድ በተዘጋባቸው ዓመታትም ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅ ሰው ይህን አባባል ዝም ብሎ አይጥለውም። ሕጉም ቢሆን ለመጥቀስ፣ ለማስተማርና ለግል አገልግሎት በልክ የከፈታቸው በሮች አሉ።

ነገር ግን ይህ ተቃውሞ ለትክክለኛ ማስታወቂያ ተጨማሪ ምክንያት ነው የሚሆነው። ወራሹ የማይገኘው ለምንድን ነው? ገጹ ላይ ስምና ዓመት እንጂ ማንን መጠየቅ እንደሚገባ ስላልተጻፈ ነው። ተማሪው የትኛውን መጽሐፍ በነጻነት ማባዛት እንደሚችል የማያውቀው ለምንድን ነው? ደራሲው መቼ እንዳረፈ የሚነግረው ስለሌለ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በስደት እንግሊዝ አገር ያረፉት በ1938 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሕይወት ሳሉ ያሳተሟቸው መጻሕፍት ዘመን ካለፈ ብዙ ቆይቷል። ማንም አታሚ ነገ አትሞ በርካሽ ዋጋ ለነቀምቴ፣ ለደምቢ ዶሎና ለአሶሳ ሊያደርሳቸው ይችላል። ይህን የሚያውቅ አታሚ ግን ስንት ነው? የተከለከለውን የሚደፍርና የተፈቀደውን የሚፈራ ገበያ የተፈጠረው ቁጥሩን ማንበብ ስላልተለመደ ነው።

▪️ ምን ይደረግ?

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በአብዛኛው ሁለት ሦስት መስመር ቀለም ነው።

አንደኛ፦ ማንኛውም ዓመት አቆጣጠሩን ይያዝ። «2017 ዓ.ም.» ወይም «2025 እ.ኤ.አ.» ይባል፤ ባዶ ቁጥር አይታተም። ሁለቱንም ጎን ለጎን የሚያትም አሳታሚ ደግሞ ይመስገን።

ሁለተኛ፦ የመጀመሪያው ኅትመት ዓመት ፈጽሞ አይፋቅ። አራተኛ እትም ሲወጣ «መጀመሪያ በዚህ ዓመት፣ ሁለተኛ በዚህ፣ ሦስተኛ በዚህ» ተብሎ ይዘርዘር። አዲስ የተጨመረው ምን እንደሆነም ይገለጽ፤ መቅድም ከሆነ መቅድም፣ ምዕራፍ ከሆነ ምዕራፍ። የድረ ገጽ ባለቤቶችም ግርጌያቸው ላይ በራሱ የሚታደሰውን ዓመት ብቻ ከማስቀመጥ ከተጀመረበት ጋር አያይዘው ይጻፉት፤ ባለፈው ሳምንት የተጻፈና ከ10 ዓመት በፊት የተጻፈ ጽሑፍ አንድ ዕድሜ ሊኖራቸው አይገባም።

ሦስተኛ፦ ሕጋችን ከሞት የሚቆጥር እስከሆነ ድረስ፣ ካረፈ ደራሲ መጽሐፍ ላይ ያረፈበት ዓመት ይታተም። ከርዕሱ ገጽ ጀርባ የጎደለን ዋና ቁጥር ይህ ነው። «ደራሲው ያረፈው በ… ዓ.ም.፤ መብቱ የወራሾቹ ነው» የሚል አንድ መስመር ፎቶ ኮፒ ቤቱንም፣ አታሚውንም፣ ልጆቹንም ከተሳሳተ ሒሳብ ያድናል።

አራተኛ፦ የሠራ ሁሉ ስሙ ይስፈር። ተርጓሚ፣ ተረት ነጋሪ፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ፣ ፎቶ አንሺ፣ የዜማና የግጥም ደራሲ። አስቴር ጋኖ ላይ የሆነው በሌላ ሰው ላይ ሲደገም ዝም ማለት አይገባም።

አምስተኛ፦ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በፈቃደኝነት የሚያመጡለትን ሥራ ይመዘግባል። በዚያ ላይ አንድ ቀላል ነገር ቢጨምር ጥሩ ነው፤ ማንም ሰው ነቀምቴ ተቀምጦ በስልኩ የሚያየው፣ የሟች ደራሲያንን የሞት ዓመትና የወራሾችን መገናኛ የያዘ መዝገብ። ዩኒቨርሲቲዎችም የየአካባቢያቸውን ደራሲያን እያጠኑ ቢያግዙት የወለጋውን ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ይሞላዋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ርዕስ ለጠፋበት ተማሪም ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም።

እስከዚያው ድረስ አንባቢ መጽሐፍ ሲያነሳ፣ ገጽ ሲገለብጥ፣ ፎቶ ሲያጋራ፣ ከዚያች ትንሽ ዓመት ፊት ቆም ብሎ አራት ነገር ይጠይቅ። በማን አቆጣጠር ነው? የምን ዓመት ነው፤ የመጀመሪያ ኅትመት ወይስ የአሁኑ እትም? የትኛውን ክፍል ነው የሚመለከተው? ደራሲውስ አለ ወይስ አርፏል፣ ካረፈስ መቼ? አራቱን ሳይመልስ «አልፎበታል» የሚልም፣ «የእኔ ነው» የሚልም በሰው ንብረት ላይ እየፈረደ ነው።